ከደጃፉ አልነሳም ያልኩ ቀን

ባለፈው ወር ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ልጅ ሳለች። ረጅም፣ ከደረት ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ ሳል ነበር። ሻሿን አፏ ላይ ጭና ልትውጠው ታገለች። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱን አዞረ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» አለች። ልጅቱ ትከሻዋን ሰብስባ ከወንበሩ ጋር ለመጣበቅ፣ ከቻለችም ለመጥፋት ስትሞክር አየኋት። ያንን መሰብሰብ አውቀዋለሁ። ሰውዬው ቦታ እንዲቀይረኝ ጠይቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስኮቱንም ከፈትኩት፤ እሷን ፈርቼ ሳይሆን ነፋስ ለሁላችንም ስለሚበጅ ነው። ገዋኔን አልፈን ያ የጋለ ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ፣ አቧራውና ደረቁ ቁጥቋጦ ሲሸተኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ተመልሶ መጣ።

ልንገራችሁ። ያኔ አዋሽ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከወሎ መጥታ ከዋናው አስፋልት ዳር ምግብ ቤት ከፍታ ነበር። ደንበኞቿ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበሩ። ያደግሁት በናፍጣና በቁሌት ሽታ፣ በፍሬን ጩኸትና በሹፌሮች ሳቅ መሃል ነው። እናቴ ሐኪም እንድሆን ትመኝ ነበር። እኔ የምመኘው ግን ብርድ ያለበት አገር ሄዶ መማር ብቻ ነበር።

ሳሉ ሲጀምረኝ ጉንፋን ነው ብለን ተውነው። ቆይቶ ቲቢ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ሳላቋርጥ ወስጄ ጨረስኩ። ዳንኩ ስል ተመልሶ መጣ። ሁለተኛውን ምርመራ ያየው ሐኪም ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳብ አድርጎ፣ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው» አለን። የተለመደው ኪኒን አይነካውም፣ ሌላ የከበደ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል ማለቱ ነበር። ሰመራ ዳር በአንድ የረድኤት ድርጅት የሚደገፍ የቲቢ ክፍል እንዳለ፣ መኪና ልከው እንደሚወስዱኝም ነገረን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫ የሚጠፋበት ቤት ባዶውን ዋለ። አክስቴ መጣችና ከበሩ ሳታልፍ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «መኪናው ሲመሻሽ፣ በጓሮ በኩል ይምጣ» አለች። «ለጠየቀሽ ሁሉ ዘመድ ጋ ሄዳለች በይ። የልጅቱን ትዳር አትዝጊባት።»

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋን እንኳ አላቆመችም።

«ልጄ የሰረቀችው ነገር የለም። በቀን ትሄዳለች፤ በፊት ለፊቱ በር።»

እንዳለችውም አደረገች። የኢድ ቀሚሷን ለበሰች፤ እኔንም የኢድ ቀሚሴን አስለበሰችኝ። መኪናው ምግብ ቤታችን ፊት ለፊት መጥቶ ሲቆም ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ብቅ ብሎ ነበር። እኔ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጌያለሁ። እናቴ እጄን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ሰላምታ እየሰጠች ወሰደችኝ። የመለሰላትም ያልመለሰላትም ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞር ብዬ ሳይ ብቻ ነው የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ ስታደርግ ያየኋት።

የሰመራው ክፍል ከአስፋልቱ ራቅ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። መስኮቶቹ መስታወት አልነበራቸውም፤ ይህ በሽታ የሚፈራው ነፋስ ነው ተብሎ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ነፋሱ ግን ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል። ቤቱ በረኪናና የጋለ ቆርቆሮ ይሸታል። መሃሉ ላይ በመጋረጃ ተከፍሎ፣ በአንድ ወገን ሴቶች በሌላው ወንዶች እንተኛ ነበር። በሩ ግን ለሁላችንም አንድ ነው።

ገና እቃዬን ሳላስቀምጥ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ወፍራም ድምፅ ተቀበለኝ።

«ማን መጣ? ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ተማሪ ነኝ።»

«በቃ፣ ተማሪዋ ነሽ። እዚህ ቤት ስም አንጠራም፤ ስማችንን ሳሉ አበላሽቶታል። ሥራችን ይበቃናል። እኔ ሹፌሩ ነኝ። ከጎንሽ ያለችው ደግሞ ግመል አላት።»

ሹፌሩ የኮምቦልቻ ሰው ነበር፤ በዕድሜ ታላቅ ወንድሜ ሊሆን የሚችል፣ ከስቶም እንኳ አልጋው የሚጠበው። ባለግመሏ ከአፋምቦ የመጣች አፋር ሴት ነበረች። ልጆቿንና ግመሎቿን ሐይቁ አካባቢ ትታ ነው የመጣችው። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ያለችውን ግን ታውቅበታለች። ከአገሯ ሰው በመጣ ቁጥር እንደ አፋሮቹ ወግ ዳጉ፣ የመንገደኛ ወሬ፣ ትቀበላለች፤ ዝናቡን፣ ሰውን፣ ከብቱን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። የመጨረሻው ጥያቄዋ ሁልጊዜ ስለ አንዲት ነጭ ግመል ነበር።

መድኃኒቱ ከባድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ነርሱ ፊታችን ቆሞ እፍኝ ሙሉ ኪኒን ያስውጠናል። ሆዳችን ይገለበጣል። ሹፌሩ ይህን የሚሻገርበት ዘዴ ነበረው፤ አንዷን ኪኒን በዋጠ ቁጥር የመንገዱን ከተሞች ይጠራል። «ባቲ!» ይላል በአንዷ። «ሚሌ!» ይላል ቀጥሎ። «ሎግያ! ሰርዶ! ገላፊ፣ ድንበሩ ላይ ደረስን፣ ወረቀት አቅርቡ!» የመጨረሻዋን ሲውጥ «ጅቡቲ ገባን፤ ባሕሩን እዩልኝ» ይላል። ባሕር አይቼ የማላውቀው እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እየተናነቀኝ እስቅ ነበር።

በየቀኑ የምንወጋው መርፌም ነበር። እሱ ጆሮዬ ውስጥ የማይቆም ፉጨት ለቀቀብኝ። ዛሬም በግራ ጆሮዬ አልሰማም፤ ስታወሩኝ በቀኝ በኩል ሁኑልኝ። አላዝንበትም። ጆሮዬን ሰጥቼ ሳንባዬን አስቀረሁ።

ያኔ ግን እንዲህ ማለት አልችልም ነበር። የክፍል ጓደኞቼ ፈተና ሊቀመጡ ሲዘጋጁ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መዋል ጀመርኩ። መብላት ተውኩ። ኪኒኑን ምላሴ ሥር ደብቄ የተፋሁበት ቀን አለ። ሰው ሁሉ «ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ» ይለኛል፤ ቃሉን ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ያኔ ነው አማካሪዋ የመጣችው። ከጎጃም የመጣች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ቀጭን ሴት ነበረች። ሥራዋ የታማሚዎችን አእምሮና ልብ መጠበቅ ነው። ነርስ ባትሆንም ሁላችንም «ሲስተር» እንላት ነበር። የፕላስቲክ ወንበሯን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አይዞሽ አላለችኝም።

«ዛሬ ምን አናደደሽ?» አለችኝ።

አንሶላውን ራሴ ላይ ሳብኩ። በማግስቱም መጣች፤ ያንኑ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ባንዱ ቀን ሳላስበው ጮህኩባት። «ጓደኞቼ ፈተና ላይ ናቸው፣ እኔ እዚህ ቆርቆሮ አፍጥጬ አያለሁ። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም አላጠፋሽም» አለች። «ስለዚህ መናደድሽ ልክ ነው። ይቺን ንዴት እንዳትጥያት። ኪኒኑን የምታስውጥሽ እሷ ናት።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምክር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ንዴቴን እንደ ነውር ነበር የያዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት ኪኒኑን የምውጠው እነዚያ በየበራቸው ቆመው ያዩኝን ሰዎች አንድ በአንድ እያሰብኩ ነው። በመጣሁበት በር ተመልሼ እገባለሁ እላለሁ፤ ኪኒኑንም እውጣለሁ።

እኔ እየበረታሁ ስመጣ ሹፌሩ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ከተሞቹን መጥራት ተወ። ቀጥሎ ከእንቅልፉ እየባነነ «ረዳቱ እየጠራኝ ነው፤ መኪናው ሥር ገብቷል፣ አቁሙ!» ማለት አመጣ። የሚጠራው ረዳት አልነበረም። ከዚያም ኪኒኑ መርዝ ነው ብሎ ነርሱን ገፈተረው። በሽተኞቹ ጂኒ ይዞታል ብለው አልጋቸውን አራቁ። ሐኪሙ ግን ከኪኒኖቹ አንዱ አንዳንድ ሰው ላይ አእምሮ እንደሚያውክ ነገረን። ኪኒኑን አስቆመ፤ ጥፋቱ የመድኃኒቱ እንጂ የሰውዬው አይደለም፣ ከደሙ እስኪወጣ ታገሡት አለን። አማካሪዋ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ትውል ነበር።

አንድ ማለዳ አእምሮው ጠራ ሲልለት በመጋረጃው ጠርዝ ጠራኝ። ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ተማሪዋ፣ ወንድሜ ደውሎ ነበር። ሊወስደኝ ነው የሚመጣው። እንዳይወስዱኝ።»

«አይወስዱህም፣ ጋሼ» አልኩት። በምን አቅሜ እንደማስቀር ግን አላሰብኩም።

ወንድምየው የመጣው በዚያው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ ነው። አማካሪዋ ወደ አሳይታ ታማሚ ልትጠይቅ ሄዳለች፤ ሐኪሙም ስብሰባ ተጠርቷል። የቀረን ነርሱ ብቻ ነው። ከፒክአፕ መኪና ሦስት ሰዎች ወረዱ። ከፊት ያለው ሹፌሩን ቁርጥ ነው፤ ያው ትከሻ፣ ያው ግንባር። እጁ ላይ የተጠቀለለ ገመድ ይዟል።

«ወንድሜን ልወስድ ነው» አለ ለነርሱ። «አሳበዳችሁት። አገሩ ወስጄ፣ እስኪለቀው አስሬ አስጸልይለታለሁ።»

ነርሱ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ለመነው። ከዚያ ድምፁ አነሰ። «ቤተሰብ ነው፤ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» ሲል ሰማሁት።

ከአልጋዬ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩና ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሲሚንቶው ቀሚሴን አልፎ ያቃጥል ነበር።

«ተነሺ፣ አንቺ ልጅ» አለኝ ወንድምየው።

«አልነሳም።»

«ምን አገባሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

«እንዳይወስዱኝ ብሎኛል። ደህና በነበረበት ሰዓት፣ በገዛ አፉ ነው የነገረኝ።»

አንደኛው ሰው ክንዴን ሊይዝ ወደ ፊት መጣ። ያኔ የአፌን መሸፈኛ ወደ አገጬ አወረድኩት።

«አንድ እርምጃ ብትጠጋ ፊትህ ላይ እስላለሁ!»

እውነቱን ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ አክታዬ ንጹሕ ነው ከተባልኩ ሰንብቼ ነበር። ማንንም ማስያዝ አልችልም። እሱ ግን ይህን አያውቅም። ሰው ሁሉ ከሳሌ ሲሸሽ፣ እኔም በሽሽቱ ስቃጠል ነው የከረምኩት። ያን ቀን ግን ፍርሃታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁ። ሁለቱ ሰዎች እስከ መኪናቸው ድረስ አፈገፈጉ። አንደኛው እንዲያውም ገብቶ መስኮቱን ዘጋ።

ወንድምየው ግን አልሸሸም። አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ እዚያው ቆመ። በዚህ መሃል ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ባለግመሏ ናት። የግመል መንጃ ዱላዋን ይዛ መጣች፤ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ዱላውን በሁለታችን ጉልበት ላይ አጋደመችው።

«ወንድም ነህ?» አለችው።

«ነኝ።»

«ወንድም ገመድ አያመጣም። ወንድም ወተት ያመጣል።»

ፀሐዩ አናቱ ላይ ነበር። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። አንዴ እኛን፣ አንዴ ከኋላችን ያለውን የቤቱን ጨለማ ያያል። ከዚያ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። ገመዱን ከጎኑ ጣለ።

«በስልክ አላወቀኝም» አለ። «ያሳደገኝ እሱ ነው። ማን ነህ አለኝ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጠላቴ ነበር። ያን ሲል ግን ከእኛ ሁሉ የባሰ የፈራ ሰው መሆኑን አየሁ። ቢሆንም ከደፉ አልተነሳሁም።

አማካሪዋ እኩለ ቀን አልፎ ከአሳይታ ስትመለስ እንደተፋጠጥን አገኘችን። ሁሉንም አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች። ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ሄዳ ወንድምየው አጠገብ፣ አቧራው ላይ ተቀመጠች።

«ዱዓውም ይደረግለት፣ ሕክምናውም ይቀጥል» አለችው። «አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የታሰረ ሰው ግን መድኃኒቱንም አይውጥም፣ ዱዓውንም አይሰማም። ሎግያ አልጋ ያዝና እየመጣህ እየው። ካልተሻለው ያኔ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ በላስቲክ ጀሪካን የግመል ወተት ይዞ መጣ። ባለግመሏ ቀድማ ቀመሰችና «ውሃ ጨምረውበታል» አለች። መጀመሪያ ከግቢው ዛፍ ሥር ሆኖ ነበር የሚያየው። ቀጥሎ መስኮቱ ጋ ቆመ። ቆይቶ የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ አንዳንድ ቀን ያውቀዋል፣ አንዳንድ ቀን አያውቀውም። ወንድምየው ግን መመላለሱን አልተወም።

አንድ ጠዋት ነርሱ ኪኒኖቹን ዘርግቶ ቆመ። ሹፌሩ አንዷን አንሥቶ ብዙ ቆየ። እኛ ከመጋረጃው ጠርዝ ሆነን እናያለን።

«ባቲ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ መንገዱን እንደሚያስታውስ ሰው።

ከዚያ «ሚሌ» አለ። ከዚያ ሎግያ፣ ከዚያ ሰርዶ። ገላፊ ሲደርስ ዞር ብሎ ወንድሙን አየውና «ወረቀት አቅርብ!» አለው። ወንድምየው ባዶ እጁን ዘርግቶ «ይኸው» አለው። ባለግመሏ በዱላዋ የአልጋዋን ብረት እየመታች እልል አለች። እኔም አልኩ፤ ሳንባዬ እስኪያመኝ ድረስ።

ሦስታችንም ድነን ወጣን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከዚያ ቤት ያልወጡም ነበሩ። እኛ ግን ወጣን። ባለግመሏን ልጆቿ መጥተው ወሰዷት። እኔ በሄድኩበት በር፣ በቀን፣ ተመልሼ ገባሁ። እናቴ ከምግብ ቤቱ መሃል ወንበር አስቀመጠችልኝ። «የሚበላ ይብላ፣ የማይበላ መንገዱ ሰፊ ነው» አለች። ደንበኞቿ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ፤ ወጧን የት ያገኙታል?

ፈተናውን በሚቀጥለው ዓመት ወስጄ አለፍኩ። ሐኪም አልሆንኩም። ሰመራ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ያ የቆርቆሮ ቤት የረድኤቱ ገንዘብ ሲቆም ተዘጋ፤ ዛሬ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አማካሪዋም ሌላ አገር ተመደበች። ሳሉ ግን አልተዘጋም። ስለዚህ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር ወደሚመለከታቸው ሰዎች ሄጄ መቼ ነው የምትከፍቱት እላለሁ። «ያቺ የቲቢዋ ሴትዮ መጣች» እንደሚባባሉ አውቃለሁ። ይበሉ። ነገም እሄዳለሁ።

ሹፌሩ ወደ መሪው ተመለሰ። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ባለፈ ቁጥር አዋሽ እናቴ ቤት ይወርድ ነበር። መሃል ላይ ይቀመጥና በዚያ ድምፁ፣ «እኔ ቲቢ ነበረብኝ! አእምሮዬም ታውኮ ነበር! ሁለቱንም ታክሜ ዳንኩ! የሚስል ካለ ይመርመር!» ይላል። ሹፌሮቹ ይስቃሉ። ከሳቁት ውስጥ ቆይተው በጓዳ በኩል መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምርመራው የት እንደሆነ እናቴን የጠየቁ ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከእናቴ ጋር ኮምቦልቻ ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ሴቶቹ መሃል ማንንም ስለማላውቅ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድምየው ከወንዶቹ ወገን አየኝ። ተነሥቶ፣ በሰው መሃል አቋርጦ መጣና እጄን ይዞ ወደ እናታቸው ወሰደኝ።

አሮጊቷ ቀና ብለው «ማን ናት?» አሉት።

«ደጃፉ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት፣ እማ።»

አሮጊቷ ከጎናቸው ያለውን ምንጣፍ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ወንድምየው ወደ እኔ አጎነበሰ።

«መሪ ይዞ ነው የሞተው» አለኝ። «በሙሉ አእምሮው።»